የዘሪቱ ምሰሶ

ሰኔ 12 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ ሚካኤል

ዳልቻ ትናንት ቀንበር ሰበረ። አሮጌ በሬ። አርጅቻለሁ አይልም፣ ቀንበሩ ነው ያረጀ ይላል። ዛሬ በዓል ነው፣ ሥራ የለም። ቤ/ክ ተሳልሜ መጣሁ። ጾሙ ገብቷል፣ ሽሮ ነው። ያውም ራሴ የሠራሁት ሽሮ። ጨው ረስቻለሁ።

ጉንዳኑ እንቁላሉን ተሸክሞ ግድግዳ ግድግዳውን ወደ ላይ ይወጣል። በመጥረጊያ አወረድኩት። ተመልሶ ወጣ። ደግሜ አወረድኩት።

አዱኛ መጥቶ ነበር፣ የልጄ የድንቄ ባል። ወረታ መንገድ ዳር ልብስ ይሰፋል። የቆርቆሮ ቤት አለኝ ብሎ አንገቱን ያቀናል። ዝናብ ሲጥል በዚያ ቆርቆሮ ሥር ሰው ሰውን አይሰማም፣ እሱን አይናገርም። ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ ገባ፣ ጭቃው ግን ከእግሩ ጋር ገባ።

ያመጣው ነገር ይኸ ነው። ድንቄ ቀኗ እየተቃረበ ነው፣ እዚያው ወረታ ትውለድ። ሐኪም ቤቱ ቅርብ ነው፣ ድሬሰር የሚሉት ሐኪም አለ። እርስዎም ቤቱን ዘግተው ከኛ ጋር ይክረሙ። ከተስማማዎት በዚያው ይቅሩ።

በዚያው ይቅሩ። ሰማህ ደብተር? እንደ ተረሳ ጃንጥላ።

የበኩር ልጅ በእናት ቤት ነው የሚወለድ አልኩት። እናቷ እኮ የሉም አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። እሷ ብትሞት ቤቷ አልሞተም አልኩት። ውሃውስ? አለኝ። ርብ ወንዝ ሲሞላ ያገሩ ሰው ከብቱን እየነዳ ይሸሽ የለም ወይ አለ። ይሽሽ አልኩት። የኔን ደጅ ውሃ ረግጦት አያውቅም። ጎረቤት በታንኳ ሲወጣ እኔ ደረቅ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ጋቢዬን አጣፍቼ ያየሁ ሰው ነኝ። ቤት የት እንደሚሠራ ማወቅ ነው።

ምሳ ሳይበላ ሄደ። ይሂድ። ጨውም የለው።

ሰኔ 15፣ ዓርብ

ድንቄ መጣች!

በበቅሎ። አዱኛ ልጓሙን ይዞ ይጎትታል፣ ኮሶ እንደጠጣ ሰው ፊቱን ቋጥሮ። ሆዷ ከሷ ቀድሞ ገባ። እናቴ ቤት ልወልድ መጣሁ አለች። አዱኛን አየሁት። ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

ረታሁ።

ገና ሳትቀመጥ ወደ ምሰሶው ሄዳ ግንባሯን አስደገፈች። እናቷ ዘሪቱ እዚህ ምሰሶ ላይ በታሰረ ገመድ ተንጠልጥላ ነው ድንቄን የወለደች። ከሷ በፊት የተወለዱት አልቆዩልንም። እሷ ብቻ ቆየች። አሁን ደግሞ ስንት ዓመት ጠብቃ፣ ጣራ ገዳም ድረስ ስለት ተስላ ያገኘችው እርግዝና ነው። ይኸ እንደ ሌላው አይደለም። ይኸ ከጠፋ ሌላ ይገኛል የሚባል አይደለም።

እህቴ ይመኙም ጓዟን ይዛ ገባች። ያገሩን ሴት ሁሉ ያዋለደች እሷ ናት። እኔንም ያዋለደችኝ ይመስል ታዘኛለች፣ ታናሼ ሆና። በትሯን ይዛ ቤቱን ዞረች። ከንፈሯን መጠጠች። አያ፣ ጉብታው ወርዷል አለች። ቤቴ በጉብታ ላይ ነው ያለ። ጉብታ እንደ አሮጊት ያጥራል ወይ አልኳት። ያጥራል አለች። ዐይንሽ ነው ያጠረ አልኳት። ስንጨቃጨቅ ሽሮው አረረ።

ሰኔ 21፣ ማርያም

ተናደድኩ። ፊደሉ አያምርም፣ ደብተር፣ ይቅር በለኝ።

ከቅዳሴ በኋላ ዋርካው ሥር ተቀምጠን ነበር። ዝናቡ ዘንድሮ አመጣጡ ክፉ ነው ይባባላሉ። አንዱ ተነሣና፣ አያ ጎሹ ታንኳ አሰሩ ወይ? አለኝ። ሌላው ተቀበለና፣ ምን ሊያደርግላቸው፣ ዓሣው ራሱ ምድጃቸው ድረስ ይመጣላቸዋል፣ ለጾሙ ይሆናቸዋል አለ። ሳቁ። የነፍስ አባቴ ቄስ ተገኘ ሳይቀሩ በጭራቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ።

ተነሣሁ። ውሃ ደጄን የረገጠ ለት ይኸን ጢሜን ላጩኝ አልኩ። በማርያም ቀን፣ በማርያም ደጅ፣ በሰው ሁሉ ፊት።

አንዱ፣ ምላጭ እንሳል አለ።

ቤት ስደርስ ይመኙ ቀድማ ሰምታለች። ወሬው ከኔ በምን እንደሚፈጥን አላውቅም። ጢምህን ለውሃ ሰጠኸው አለች። ድንቄ ሳቀች፣ ሆዷን ይዛ። አትሳቂ፣ ጎንሽን ይወጋሻል አልኳት። ባሰባት።

ሰኔ 27፣ ረቡዕ

ዝናብ። ዝናብ። ዝናብ።

ሁለት ሴት ገብቶ በገዛ ቤቴ መቀመጫ አጣሁ። ኮርቻዬን አወጡት፣ ቦታው ለቅመም ማስቀመጫ ይመቻል አሉ። መደቤን በጭቃ መረጉት፣ እርጥብ ነው አትቀመጥ አሉኝ። ይመኙ ቋጠሮ ሁሉ ይፈታል ትላለች፣ ምጥ ሲመጣ ቤት ውስጥ የታሰረ ነገር መኖር የለበትም። ከአሁኑ የእህል ስልቻዬን አፍ ፈታችው። አይጡ ደስ ብሎታል።

ለማንኛውም ብዬ ነው፣ በጉብታው ጫፍ ካስማ ተከልኩ። ፈርቼ አይደለም። ውሃው ከካስማው እንደማይደርስ ለይመኙ ላሳያት ብዬ ነው።

ዛሬ ሄጄ አየሁ። ውሃው ከካስማው ራቅ ብሎ ተኝቷል። ጸጥ ብሎ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለም። እኔን አያሳስቀኝም።

ሐምሌ 1፣ እሑድ

ካስማው የለም።

ላም ነቅላው ነው አልኩ። ይመኙ ላሞቹ ወደ ላይ ከሄዱ ሰነበቱ አለች። ልክ ናት። ልክ ስትሆን ደስ አትለኝም።

ከዚያ ቁጭ አለችና ተናገረች። ይኸ ጉብታ ምን አድርጎ ከፍ ብሎ እንደኖረ ታውቃለህ ወይ አለችኝ። እግ/ር ያደረገው ነው አልኳት። ዘሪቱ ያደረገችው ነው አለች። በጋ በጋውን፣ አንተ አዝመራ ስታነሣ፣ አንተ ወረታ ለሙግት ስትመላለስ፣ እሷ ከቦዩ አፈር እየዛቀች በቅርጫት ታመጣና በቤቱ ዙሪያ ትደፋ፣ በእግሯ ትረግጥ ነበር። ክረምት ያጠበውን በጋ ትመልሰው ነበር። ከሞተች ወዲህ ማን ደፋ?

ውሸት ነው አልኩ። ድንቄ ከጓዳ፣ እውነት ነው አባዬ፣ እኔም በትንሿ ቁና እሸከም ነበር አለች። እርስዎ ሲመጡ እግራችንን ታጥበን እንጠብቅዎ ነበር።

ቅርጫቱ ምሰሶው ላይ ተሰቅሏል፣ እሷ ትታው እንደሄደች። ለኩበት መስሎኝ ነበር። አወረድኩት። ከሥሩ የደረቀ ጭቃ አለ።

ሰው አንድ ቃል አይናገርም? እየመጣሁ እግሬን አንፈራጥጬ ደረቅ ደጄ ላይ ስቀመጥ፣ በየገበያው ስፎክር፣ አንድ ቀን፣ ጎሹ፣ ይኸ እኮ የኔ ወገብ ነው አትልም? አላለችም። ሞታ አናደደችኝ።

ሐምሌ 3፣ ማክሰኞ

ውሃው ከደጃፉ ቋሚ እንጨት ጥቂት ቢቀረው ነው። ሌሊቱን አልተኛሁም። አሰብኩ፤ ምጡ የመጣ ለት ውሃው ቢገባ፣ ታንኳ በዚያ ሰዓት ከየት? ልጅቱ መሬት ላይ ተኝታ፣ ውሃው ሥሯ?

ጠዋት ቃሌን አጠፍኩ። ድንቄ፣ ወረታ ሂጂ አልኳት። ባልሽ ይምጣና ይውሰድሽ።

አልሄድም አለች።

ደብተር፣ እንቢ አለችኝ። የበኩር ልጅ በእናት ቤት ነው ያሉት እርስዎ አይደሉም ወይ? ባሌን ምሳ ሳይበላ ያባረሩት እርስዎ አይደሉም? አለች። ነኝ፣ አሁን ግን ሂጂ አልኳት። እናቴ ስትታመም እጄን ይዛ፣ ያንችን መጀመሪያ እኔው ምሰሶ ሥር ነው የምቀበለው ብላኛለች አለች። ሞታለች አልኳት። ምሰሶው አልሞተም አለች። የኔኑ ቃል!

ለመንኳት። እኔ ሰው ለምኜ አላውቅም። ተቆጣሁ። ይመኙን ምከሪያት አልኳት። ይመኙ ጥጧን እየፈተለች፣ ማንን ትመስላለች ብለህ ነው አለች።

በመጨረሻ ድንቄ ምን አለችኝ? በጣም ከቸገረዎ ምሰሶውን ተሸክመው ይሂዱ፣ እኔ ከኋላ እከተልዎታለሁ።

ለማሾፍ ነው የተናገረችው። እንጃ ግን። ጣሪያውን ሳይ ዋልኩ።

ሐምሌ 4፣ ረቡዕ

ከመንገዱ ጠጋ ብሎ ከእናቴ የወረስኩት ጭንጫ መሬት አለኝ። ጤፍ እንቢ፣ ሽምብራ እንቢ ያለ። ፍየል እንኳ ቆሞ አይቶት ነው የሚያልፍ። ከፍ ያለ ነው ግን። በጭቃው እየተንሸራተትኩ ሄጄ አየሁት። ደረቅ። ከዚያ ቆሞ የተጣራ ሰው መንገድ ላይ ይሰማል። ድሬሰሩንም ያን ጊዜ መጥራት ነው።

ቤቱን ከነምሰሶው ነቅዬ እዚያ ልተክለው ነው ብዬ ቄስ ተገኘን አማከርኩ። በክረምት የቤት ጣሪያ ነቅሎ የሄደ ሰው አይቼ አላውቅም አሉ። በበጋ ነው እንጂ። ክዳኑ ውሃ ጠጥቷል፣ አርባ ጎልማሳ አያነሣውም። ክዳኑን እናወርደዋለን፣ ወራጁን፣ እንጨቱን ብቻ እንሸከማለን፣ እዚያ መልሰን እንከድናለን አልኩ። ዝናብ ቢመጣስ አሉ። ከየት ይመጣል፣ መቼ ሄደና አልኩ። ሳቁ። እሺ፣ ደቦውን ጥራ፣ እኔም እመጣለሁ አሉ።

ደቦውን ጥራ። ማንን? ዋርካው ሥር የሳቁብኝን።

ሐምሌ 6፣ ዓርብ

ትናንት ጾሙ ተፈታ፣ በዓልም ነበር፣ ሥራ የለም። ነገ ሥላሴ፣ ሥራ የለም። ከነገ ወዲያ እሑድ። ውሃው ግን በዓል አያከብርም። ድንቄ ወገቧን መያዝ ጀምራለች። ዛሬ ዓርብን ብቻ አገኘሁ፣ እሱንም ሰው በመለመን ጨረስኩት።

በየቤቱ ዞርኩ። ሰኞ ኑልኝ። አንድም እንቢ ያለ የለም፣ አንድም ጢሜን ሳያይ የመለሰልኝ የለም። ምላጭ እንሳል ያለው ያ ሰው፣ አያ ጎሹ፣ ለጣሪያው ነው ለጢሙ ነው የምንመጣ? አለኝ። ለሁለቱም ና አልኩት።

ከዚያ ወረታ። በበቅሎ፣ ሆዷ ድረስ በጭቃ። አዱኛ የስፌት መኪናው ላይ ተጎንብሶ ይሰፋል። ቆሜ ተናገርኩት። ልክ ነበርክ አላልኩትም። ውሃው ያንተን ቃል ደገፈ አልኩት። ቢስቅብኝ ይሻለኝ ነበር። አልሳቀም። ስንት ሰው ያስፈልጋል? ብቻ አለኝ። ከዚያ ከጓሮ ሸራ አወጣ፣ የእህል ጫኝ መኪና የሚለብሰውን ዓይነት ትልቅ ሸራ፣ ሊጠግነው የተቀበለው። ባለቤቱን አስፈቅዳለሁ፣ ክዳኑ እስኪያልቅ ይህን እንወጥራለን አለ።

ይኸን አላሰብኩትም ነበር። ይኸም አናደደኝ።

ምሳ በላሁ እሱ ቤት። ጨው ነበረው።

ሐምሌ 8፣ እሑድ

ውሃው መጥቶ የበሩን መድረክ ነካ። መድረክ ደጅ ነው ወይ? ይመኙ ደጅ ነው አለች። እኔ መድረክ መድረክ ነው አልኩ።

ጠላው ደርሷል። ድንቄ ተኝታ ምሰሶውን ታያለች። በእርግጥ ይነቅሉታል አባዬ? አለችኝ። አሁን ደግሞ ልትከለክለኝ ነው ብዬ ተነሣሁ። የለም፣ እንዳይሰበር ብዬ ነው አለች። ወይራ ነው፣ ከደጋ አስመጥቼ እኔና እናትሽ ያቆምነው፣ አይሰበርም አልኳት። እናቴም ይዛለች? አለች። እኔ ጉድጓዱን ስሞላ እሷ ቀጥ አድርጋ ይዛው ነበር። ያኔ ጠመመ አልኳት፣ አልጠመመም አለች። አልጠመመም። ይኸው ስንት ዘመኑ።

ሐምሌ 9፣ ሰኞ፣ ማታ

ደክሞኛል፣ አጭር ነው የምጽፍ።

መጡ። ከጠራሁት በላይ መጡ። ክዳኑን አወረዱ፣ ማሰሪያውን ቆረጡ። ወራጁ ውስጥ ገብተው፣ ትከሻቸውን ሰጥተው፣ አንድ ሰው ዜማ እያወጣ ጣሪያው ተነሣ። ባዶ ዘንቢል ተገልብጦ የሚሄድ ይመስላል፣ ከሥሩ እግር ብቻ። ውሃው ጉልበት፣ አንዳንድ ቦታ ጭን። ቄስ ተገኘ መስቀላቸውን ይዘው ፊት ፊት፣ እዚህ ጉድጓድ አለ፣ እዚህ ቦይ አለ እያሉ።

አዱኛ ከጣሪያው ሥር ነበር። በባዶ እግሩ። ልብስ ሰፊው፣ ክር እንዳይበጠስብህ ይሉታል። መርፌዬ ሲጠፋ እናንተን እወጋለሁ ይላቸዋል። እሾህ ወጋው፣ አልጮኸም። አየሁት።

ምሰሶውን በድጅኖ ቆፈርን። አልወጣ አለ። ከሥሩ ውሃ ሞላ፣ ያን ጊዜ ነው የለቀቀን። አንዱን ጫፍ እኔ ተሸከምኩ። አያ ጎሹ ይተዉ፣ ሽማግሌ ነዎት አሉ። ማን አስነካቸው።

ድንቄ በበቅሎ ከኋላ። እንዳለችው። ይመኙ ቅርጫቱን ራሷ ላይ ደፍታ፣ ለዝናቡ።

መጀመሪያ ያቆምነው ምሰሶውን ነው። ጭንጫው እጅ ቆረጠ። ከዚያ ጣሪያው፣ ከዚያ ሸራው። ግድግዳ ገና ነው፣ በቁርበትና በሰሌን ተጋርዷል። ጠላው እዚያው ተጠጣ። ያ ሰውዬ ምላጩን አወጣ። እውነት ይዞ መጥቷል! ቄስ ተገኘ ዳኙ፤ ውሃው ደጁን ሲረግጥ ቤቱ እዚያ አልነበረም፣ ቤት የሌለው ደጅ ደጅ አይደለም አሉ። ትናንት መድረኩን እንደነካ ይመኙ ልትናገር አፏን ከፈተች። አየኋት። ዘጋችው።

ጢሜ አለ።

ሐምሌ 11፣ ረቡዕ

ክዳኑ አለቀ፣ ከሰሜን በኩል ጥቂት ያፈሳል። ያ ባለ ምላጩ ሰው ወደ ታች ወርዶ አይቶ መጣ፤ ጉብታችሁ ውሃ ውስጥ ነው፣ የምሰሶው ጉድጓድ ላይ እንቁራሪት ይጮኻል አለ። ሰው ያንን ለምን ይነግራል?

ድንቄ ከጠዋት ጀምሮ ትዞራለች፣ አትቀመጥም። አዱኛ ድሬሰሩን ሊጠራ ወረታ ሮጠ። ጫማውን ትቶ።

ይመኙ ጠራችኝ። ገመዱን ምሰሶው ላይ አንተ እሰርና ውጣ አለች። ቋጠሮ ይፈታ ብለሽ አልነበር አልኳት። ይኸኛው ይታሰራል አለች። አሰርኩ። ጎትቼ ሞከርኩት። ምሰሶው ንቅንቅ አላለም። ድንቄ ያዘችው።

ወጣሁ። ሴቶቹ ማርያም ማርያም ይላሉ። መቀነቴን ፈትቻለሁ። የበቅሎዋንም ልጓም ፈታሁ፣ ሄደች፣ ትሂድ። ይኸን የምጽፈው በዳልቻ ጎን ተጠግቼ…

ሐምሌ 12፣ ሚካኤል

ሴት ናት።

ድሬሰሩ የደረሰው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው። እናቲቱንም ልጅቱንም አየ፣ ደህና ናቸው አለ፣ ገንፎ በልቶ ሄደ። ሴቶቹ ሦስት ጊዜ እልል አሉ። ሰባት በሉ አልኩ። ሰባት ለወንድ ነው አሉኝ። ቤት ተሸክማ የመጣች ልጅ ናት፣ ሰባት በሉ አልኩ። ይመኙ ከሴቶቹ ጋር ሰባት አለች፣ እየሰደበችኝ።

ድንቄ ተኝታለች። ምሰሶው ላይ ገመዱ እንደተንጠለጠለ ነው። እንዳይፈቱት ብያለሁ።

ከሰዓት አዱኛ ከጎኔ ተቀምጦ ነበር፣ እግሩ በጨርቅ ተጠቅሎ። እንግዲህ ድንቄ ስትበረታ እንሄዳለን፣ እርስዎስ? አለኝ። ወረታ አልሄድም አልኩት። እሱም አልተከራከረኝም፤ ያን ያህል ለምዶኛል። ቤትዎ አሁን መንገድ ዳር ነው፣ እኛ እንመላለሳለን አለ። ከዚያ ቁልቁል ወደ ሜዳው አየ። ውሃው ጣና ድረስ ያበራል። እዚህስ ውሃ አይደርስም አለ።

እኔም እንዲያ ነበር የምል።

ቅርጫቱን ከይመኙ ተቀብዬ ከደጃፍ አስቀምጫለሁ። ዛሬ በዓል ነው፣ ሥራ የለም። ነገ አፈር መድፋት እጀምራለሁ። በሰሜን በኩል።